ምንም ሳያመኝ «ግፊትህ 168 ነው» ተባልኩ። ክኒኑን ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?

የመገናኛው ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፈው። በዚህ ያለፈ ሰው ወይም የህክምና ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

ዕድሜዬ 43 ነው። ሚኒባስ ታክሲ እነዳለሁ፣ ከመገናኛ አያት። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ማክሰኞ መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ስለነበር ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሌላ ጊዜ በር ላይ አውርጃት ነው የምመለሰው። ነርሷ የሷን ግፊት ለካች፣ ሆዷን አየች፣ የልጁን የልብ ምት አሰማችን። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም። በ43 ዓመቴ አንድም ቀን ተለክቼ አላውቅም። «እስቲ እጅጌህን ሰብስብ» አለችኝ።

168 በ104። አምስት ደቂቃ አስቀምጣ ደገመችው። 164 በ102።

እኔ እኮ ምንም አላመመኝም። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፣ ጎኔን አይወጋኝም። ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ነርሷ «ከቤተሰብ ግፊት ያለበት ሰው አለ?» ስትለኝ የለም አልኳት። ቀጥላ «አባትህ በምን ሞቱ?» አለችኝ። አባቴ ሲሞት የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእርሻ ገብቶ እግሩን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ግማሽ ፊቱ ተጣሞ ነበር። ሦስት ቀን ሳይናገር ቆይቶ አረፈ። ሰፈሩ ሁሉ «ምች መታው» አለ። እኛም ምች ነው ብለን ቀበርነው። ነርሷ ዝም ብላ ሰማችኝና «ግፊት ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያኔ 51 ዓመቱ ነበር። እኔ ስምንት ዓመት ነው የቀረኝ።

ውሎዬን ሳልደብቅ ልናገር። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። 12 ሰዓት ላይ ተራ ይዣለሁ። ማታ እስከ 3 ሰዓት ወንበር ላይ ነኝ። ቁርስ ፍርፍር ወይም እንቁላል በዳቦ። ሻይ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር። ምሳ ሽሮ፣ ፍስክ ከሆነ ጥብስ በሚጥሚጣ። ሲጋራ አላጨስም። እሁድና አንዳንዴ ሐሙስ እቅማለሁ። የቃምኩ ቀን ማታ ጨብሲ አለ፣ ሁለት ሦስት ቢራ። ለወገቤ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ዓመት አልፎኛል።

ነርሷ በሌላ ቀን ተመልሼ እንድለካ፣ ደምና ሽንት እንድሰጥ ነግራኛለች። «እንደዚሁ ከሆነ ክኒን መጀመርህ አይቀርም» ብላኛለች። ተራ ላይ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም አንድ ቃል ነው ያሉኝ። «አንዴ ከጀመርክ መውጫ የለውም። ኩላሊትህን ነው የሚጨርሰው።» አንደኛው «ካላመመህ ምን ያስነካካሃል» አለኝ።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። የማያም ነገር በሽታ ነው? ክኒኑ ኩላሊት ይጎዳል? በምግብና በእግር ጉዞ ብቻ ማውረድ አልችልም? ልጅ ሊወለድልኝ ነው። የሚዋሽልኝ ሳይሆን እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።

የክትትል ክፍሏ ነርስ

ወንድሜ፣ እንኳን ተለካህ። እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነው የምሠራው፣ 12 ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ታካሚዎቼን መጀመሪያ የማያቸው ቤተሰብ ደግፎ ሲያመጣቸው ነው። አንድ ወገናቸው ዝሎ፣ አፋቸው ተይዞ። ዕድሜያቸውን ሳይ ብዙ ጊዜ እንዳንተ ነው፣ አርባዎቹ ውስጥ። በእግሩ መጥቶ «ምንም አላመመኝም» የሚል ሰው ሲገባልኝ የማደርግለት ብዙ ነገር አለኝ። ስለዚህ አለማመሙ ዕድልህ ነው።

አዎ፣ የማያም ነገር በሽታ ይሆናል። ግፊት ደሙ የደም ስርህን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ላይኛው ቁጥር ልብህ ስትጨመቅ፣ ታችኛው ስታርፍ። ከ120/80 በታች ሲሆን ጥሩ ነው እንላለን። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ነው፣ አባቶቻችን ደም ብዛት የሚሉት። የደም ስር ግድግዳ ሕመም የሚነግርህ ነገር የለውም። ዓመት ከዓመት እየተገፋ ይደድራል፣ ይጠባል። ጉዳቱ የሚታየው ጭንቅላት ላይ፣ ልብ ላይ፣ ኩላሊት ላይ ወይም ዓይን ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ አዋቂዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ግፊት አለባቸው፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። አንተ ባለፈው ማክሰኞ ከሚያውቁት ወገን ሆንክ።

አሁን ስለ ኩላሊት። ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ። ኩላሊት የሚያበላሸው ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው። ሰዎች ክኒን ሲውጡ ያያሉ፣ ከዓመታት በኋላ ኩላሊታቸው ሲደክም ያያሉ፣ ሁለቱን ያያይዙታል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ሰው ክኒኑን የጀመረው ዘግይቶ ነው፣ ወይም እየጀመረ እያቆመ ነው የኖረው።

ግን ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ኩላሊት የሚጎዳ ክኒን ከፈራህ፣ እሱን አሁንም እየዋጥክ ነው። ዳይክሎፌናክ ነው። በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዓመት ሙሉ። ይህ መድኃኒት ለጥቂት ቀን ሲሆን ያሳርፋል። ሲዘወተር ግን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጨጓራን ይልጣል፣ ግፊትንም ራሱ ከፍ ያደርጋል። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው ነው። ስትመለስ መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ይሁን። ወገብህንም ያዩልሃል። 15 ሰዓት ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ወገብ የሚሻለው በመነሳትና በመንጠራራት ነው፣ ክኒኑ ሕመሙን ለሰዓታት ነው የሚሸፍነው።

ሁለተኛውን ልኬት በደንብ እንዲሆን አድርግ። ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጣ። ጫት የቃምክበት ማግስት አትሂድ። ሽንትህን ሽና። አምስት ደቂቃ ጀርባህን አስደግፈህ፣ እግርህን ሳታነባብር መሬት ላይ አሳርፈህ ቁጭ በል። ክንድህ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብህ ትክክል ይሁን። ሲለካ አታውራ። ክንድህ ወፍራም ከሆነ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ጠይቅ፣ ጠባቡ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እየሮጠ ገብቶ እየተነጋገረ የሚለካ ሰው ቁጥሩ አይታመንም።

እንደገና 160/100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምግብና እንቅስቃሴ ብቻውን የሚያወርደው አይመስለኝም። ክኒን ያስፈልግሃል፣ ያንን አልደብቅህም። ለብዙ ሰው ዕድሜ ልክ ነው። ሰውነቱን ቀንሶ፣ ጨውና መጠጥ ቀንሶ፣ እየተራመደ መጠኑ የሚቀነስለት ሰው ግን አለ። የሚቀንሰው ሀኪሙ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። አምሎዲፒን ቢሰጡህ ቁርጭምጭሚትህ ሊያብጥ ይችላል። ኢናላፕሪል ቢሰጡህ ደረቅ ሳል ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ተመለስና ንገራቸው፣ ይቀይሩልሃል። ብዙ ሰው በሳሉ ተናዶ ዝም ብሎ ያቆማል፣ ሳሉን ሊነግረኝ ግን አይመጣም። በነገራችን ላይ ያንተን ክኒን ለባለቤትህ በፍጹም እንዳትሰጣት። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ጨው ላይ ልቆይ፣ እዚህ ነው የምንሸወደው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ከአንድ ሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው፣ የቀኑ ሁሉ። ታካሚዎቼን «ጨው ቀንሱ» ስላቸው «እኔ ምግብ ላይ አልነሰንስም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን በርበሬው ገና ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣው ጨው አለው። ከዚያ ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው ይጨመራል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ያቺ አራት ማዕዘን የወጥ ማጣፈጫ ትጨመራለች፣ እሷ አብዛኛዋ ጨው ናት። ዳቦውም ጨው አለው። አንድ ሰሃን ሽሮ ላይ አራት ቦታ ጨው አለ፣ አንተ ግን የጨው ዕቃ አልነካህም። ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይፈጭ፣ ጨዉ መጨረሻ ላይ ድስቱ ሲወጣ በልክ ይግባ። ምግብ ቤት ስትበላ ሚጥሚጣውን ወደ ጎን በል። ሁለት ሳምንት ያልጣፈጠ ይመስልሃል፣ ከዚያ ምላስህ ይለምዳል።

ጫት ልብን ያስመታል፣ ግፊትም ይጨምራል። ጨብሲው በላዩ ይጨምርበታል። እንቅልፍህንም ይወስዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ብትተዋቸው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አንዱ ነው ሌላውን የሚጠራው።

አንድ ነገር አስታውስ። 180/120 ደርሶ ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ዓይንህ ከደበዘዘ፣ አንድ እጅህ ከዛለ ወይም ንግግርህ ከተያዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ። ማሽን ባይኖርህም ፊት ሲጣመምና እጅ ሲዝል ቁጥር አትጠብቅ። አባትህን ስላነሳህ ነው ይህን የጻፍኩት።

ወለላ

ወንድም፣ በመድኃኒት አትቸኩል። እኔ እናቴን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ነው ያዳንኳት። ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ፍንካች። ማታ የሽፈራው ቅጠል ሻይ። ክኒኑን ከተወች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፣ ምንም አላመማትም።

የክትትል ክፍሏ ነርስ

ወለላ እህቴ፣ እናትሽን የምትወጃት መሆንሽ ያስታውቃል። ነጭ ሽንኩርትም ሽፈራውም ምግብ ናቸው፣ ትብላቸው፣ ትጠጣቸው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። «ምንም አላመማትም» ያልሽው ላይ ነው። ከላይ የጻፈውም ወንድማችን ምንም አላመመውም ነበር። ነገ ጠዋት ወስደሽ አስለኪያት። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ እኔም ደስ ይለኛል። ከፍ ካለ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላወቃችሁት ነገር ነው። እባክሽ ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን።

ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ

ልጄ፣ አንተ ስለ አባትህ የጻፍከውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የምጽፍልህ በግራ እጄ ነው። ቀኙ ከሦስት ዓመት በፊት እምቢ አለኝ።

ግፊት እንዳለብኝ የተነገረኝ በ49 ዓመቴ ነው። ክኒን ተሰጠኝ፣ በቀን አንድ፣ ጠዋት። አሥራ አንድ ዓመት ሳላቋርጥ ወሰድኩ። ምንም ሆኜ አላውቅም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት መጾም ልማዴ ነው። ያን ዓመት ግን አንድ ወዳጄ «ጠዋት ክኒን በውሃ ከዋጥክ ጾምህ ይፈርሳል» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ተውኩት። «ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ» ብዬ።

ከፋሲካ በኋላም አልጀመርኩም። ምንም ስላልሆንኩ። ይኸው ነው ነገሩ ልጄ፣ ምንም ስላልሆንኩ።

ሰኔ ውስጥ እሁድ ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ቡና ቀርቧል። ባለቤቴ ስኒውን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ጣቶቼ መያዛቸውን አይቻለሁ፣ ግን ስኒው አልተሰማኝም። ወደቀ። ቡናው ቄጤማው ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ ላነሳ ስል ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ። ባለቤቴን በስሟ ልጠራት ፈለግሁ። ስሟን አውቀዋለሁ፣ አፌ ግን ሌላ ድምፅ ነው የሚያወጣው። 31 ዓመት ያስተማርኩበት አፍ ነው።

ልጆቼ ወዲያው ሆስፒታል ስላደረሱኝ ነፍሴ ተረፈ። ንግግሬ በስድስት ወር ተመለሰ። እጄ ግን እንደነበረው አልሆነም። ለሁለት ዓመት በግራ እጄ ስሜን መጻፍ ተለማመድኩ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ እንደሚለማመደው፣ በደብተር፣ መስመር እየሞላሁ።

ከዚያ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ለምን ቀድመህ አልጠየቅኸኝም?» ነው ያሉኝ። ለታመመ ሰው መድኃኒት መውሰድ ጾም እንደማያስፈርስ ነገሩኝ። ሀኪሙም ክኒኑን ወደ ማታ አዛወረልኝ። ከእራት በኋላ እውጠዋለሁ፣ ጾሜንም እጾማለሁ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሁለት ሰው መጠየቅ ብቻ።

ስለዚህ አንተ ጾመኛ ከሆንክ ገና ሲያዝልህ «እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ» ብለህ ንገራቸው። አታፍር። ሌላም ልምከርህ። የጾም ምግብ ነው ብለህ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ጨው የበዛበት ድንች እንዳታበዛ። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽምብራው ነው የሚጠቅምህ። እኔ ጾሜ ጤናዬ ነው ስል የኖርኩት በዘይት ብዛት ነው።

ከረሆቮት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እስራኤል ነው፣ ረሆቮት። ስለ ግፊት ሳይሆን ስለ ስኳር ነው የምጽፈው፣ ግን ነገሩ አንድ ነው።

እናቴ የመጣችው ቤተ እስራኤላውያንን ወደዚህ ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን ነው፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም.። ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሲመጣ እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ያኔ የተነሳችው ፎቶ አለን። እንደ ዘንግ ቀጭን ናት። ጎንደር ውስጥ ገበያ ለመሄድ ሦስት ሰዓት ትራመድ ነበር፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች። እዚህ ስትመጣ አውቶቡስ በር ላይ ይቆማል። ውሃው ከግድግዳ ይወጣል። ጤፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይገኝም ነበርና እንጀራውን ከነጭ ዱቄት ጋገረችው፣ አንዳንዴ ሩዝ እየቀላቀለች። ነጭ ዳቦ በየማዕዱ። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ የክብር ነገር መሰለን፣ እንግዳ ሲመጣ ትልቁ ጠርሙስ ይቀርባል። ማንም መጥፎ ነገር አላደረገም። የተሻለ ኑሮ ነው ብለን ነው የኖርነው።

ሕዝባችን እዚህ አገር ሲገባ ስኳር ያለበት ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ቤት ለቤት ገባ። እናቴም እዚህ በመጣች በስምንተኛው ዓመት ስኳር አለብሽ ተባለች። ቃሉ ራሱ አልገባትም። «ስኳር አልበላም እኮ» አለች፣ ቡና በጨው ነው የምትጠጣው። ዱቄቱ ስኳር እንደሚሆን በአማርኛ የነገራት ሰው አልነበረም። በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተው ላኳት። እሷ በየትኛውም ቋንቋ አታነብም።

ነገሩ የተለወጠው በቋንቋዋ የሚያስረዳት ስታገኝ ነው። እዚህ «ጤና ብሪኡት» የሚባል ድርጅት አለ፣ ስሙ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጤና ነው። ስለ ስኳር በአማርኛ ያስተምራሉ። እናቴ እዚያ ስትሄድ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ጭማቂውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በዓይኗ አሳዩዋት። ማታ ቤት ገብታ ያንን ትልቁን የለስላሳ ጠርሙስ ይዛ ወጣች፣ ለጎረቤትም አልሰጠችም፣ ደፋችው። ማንበብ ስለማትችል የስኳሯን ልኬት በቀለም ነው የምንመዘግበው። ጥሩ ሲሆን አረንጓዴ፣ ከፍ ሲል ቀይ። ደብተሩን ለሀኪሟ ስታሳይ ቁጥር ሳታነብ የትኛው ሳምንት እንደከፋባት ታስረዳለች። «ይህቺ ቀይ የሠርጉ ሳምንት ናት» ትለዋለች።

እዚህ ደስ የሚለኝ ነገር ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኅን ድርጅቱ ማለት ነው፣ ሳትታመም ይጠራሃል። ለደም ምርመራ ና፣ ለጡት ምርመራ ነይ፣ የሰገራ ምርመራ ዕቃ ቤትህ ይላካል። መጀመሪያ እናቶቻችን «ጤነኛ ነኝ፣ ምን ፈልገው ነው የሚጠሩኝ?» እያሉ ይፈሩ ነበር። የጠሩኝ በሽታ አይተውብኝ ነው ብለው። አሁን የሰፈራችን ሴቶች ማታ ማታ ተሰብስበው ይራመዳሉ፣ ከፊት የምትመራቸው እናቴ ናት። 71 ዓመቷ ነው። ዓይኗም እግሯም ደህና ነው።

ወንድሜ፣ አንተን ማንም አልጠራህም፣ ባለቤትህን ይዘህ ስለሄድክ ነው የተገኘኸው። የባለቤትህን የክትትል ካርድ እየው እስቲ። መቼ እንደምትሄድ፣ ምን እንደተለካች ሁሉ ተጽፏል። ላንተም እንደሱ ያለ ካርድ አውጣ።

የመገናኛው ሹፌር (ጠያቂ)

አምስት ሳምንት ሆነኝ ከጻፍኩ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሲስተር፣ እንዳልሽኝ አድርጌ ሄድኩ። ቡና ሳልጠጣ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ። 162 በ100 ሆነ። በሦስተኛው ቀንም 160 በ102። ስለዚህ አለብኝ፣ ተቀበልኩት። የደም ስኳሬ ደህና ነው ተባልኩ። ኩላሊቴ ትንሽ ደክሟል አሉኝ፣ ክሬቲኒን የሚሉት ነገር ከልኩ ወጣ ብሏል። ዳይክሎፌናኩን ስነግረው ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ዛሬውኑ አቁም» አለኝ። አቆምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ ወገቤ ይቆርጠኝ ነበር። አሁን በየምልልሱ አያት ስደርስ ወርጄ መኪናዋን ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፣ ጎንበስ ቀና እላለሁ። ተራ አስከባሪዎቹ መጀመሪያ ይገረሙ ነበር፣ አሁን ሁለቱ አብረውኝ ያደርጋሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩላሊቴ ተደግሞ ታየ፣ ወደ ልኩ እየተመለሰ ነው ብለውኛል። ይህን ስሰማ የሆንኩትን አልገልጸውም። ኩላሊቴን ይጎዳል ብዬ አንዱን ክኒን ስፈራ፣ ሌላውን በቀን ሁለቴ እየገዛሁ ስውጥ ነበር።

አምሎዲፒን ጀምሬያለሁ፣ ማታ ማታ። መምህር፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስኒው የወደቀበት ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፣ እሷ ጨረሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን የምታቀብለኝ እሷ ናት። የሷን የብረት ክኒንና የኔን አንድ ላይ አስቀምጣ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ እንውጣለን። ስለ ጾሙና ስለ ማታው ክኒን ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬያለሁ።

ጨው ላይ ቤት ውስጥ ትንሽ ግጭት ነበር። አማቴ ለአራስ ቤት ብላ ሽሮና በርበሬ አስፈጭታ ልካ ነበር፣ ጨው ያለው። ባለቤቴ እንዴት ብዬ ልንገራት አለች። እኔ ራሴ ደወልኩላት። «እማማ፣ የአባቴ ነገር እንዳይደገም ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አስፈጭተው ላኩ፣ ያለ ጨው።

መኪናዋን ከማሳድርበት ቦታ እስከ ቤቴ በእግር 25 ደቂቃ ነው። ድሮ ባጃጅ እይዝ ነበር። አሁን እሄደዋለሁ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ሲስተር፣ ያ ይበቃል? ጫቱን አምስት እሁድ ሙሉ አልነካሁም። ሦስተኛው እሁድ በጣም ከብዶኝ ነበር፣ ጓደኞቼ ጋ ላለመሄድ ባለቤቴን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ፣ ቀስ እያልን ሄደን ተመለስን።

ትናንት ተለካሁ። 138 በ88። ነርሷ ያው የመጀመሪያዋ ናት። የባለቤቴን ካርድ ሞልታ ስትጨርስ የኔንም ከሥሩ አውጥታ ሞላችው። «ባልና ሚስት አንድ ቀን ቀጠሮ» ብላ ለሁለታችንም አንድ ቀን ጻፈችልን።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ረዳቴ 24 ዓመቱ ነው። ቀጭን ልጅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። የሱም አባት «ምች መትቶት» እንደሞተ ትናንት ነገረኝ። በዚህ ዕድሜ መለካት ይገባዋል?

የክትትል ክፍሏ ነርስ

138/88 አነበብኩ፣ ደስ ብሎኛል። ክኒኑን ግን ቁጥሩ ስለወረደ እንዳታቆም፣ የወረደው በሱም ጭምር ነው። ዶክተሩ ደግሞ ትንሽ ዝቅ እንዲል ሊፈልግ ይችላል፣ ቀጠሮህን ጠብቅ። 25 ደቂቃ በሳምንት ስድስት ቀን 150 ደቂቃ ይሆናል፣ የሚመከረው እሱ ነው። ፈጠን ብለህ ሂድ፣ ማውራት የምትችልበት መዝፈን ግን የማትችልበት ፍጥነት።

ረዳትህ ይለካ። በተለይ የአባቱን ነገር ካልከኝ በኋላ። ቀጭን መሆኑ አያስጥለውም። ሲሄድ አብረኸው ሂድ፣ ብቻውን ከላክኸው አይገባም። ቡናም ሳይጠጣ ይሂድ።

ወለላ

እናቴን ወሰድኳት። 176 በ98። ነገ ከዶክተር ጋር ቀጠሮ አላት። ሲስተር፣ አመሰግናለሁ።